ቺንጋው የላላ ውጊያ፦ ጊልድ ዋርስ 2ን ከድሬ ሆኖ መጫወት

ሥራዬ ስፌት ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከአባቴ በወረስኳት የእግር መኪና ላይ ቀኑን ሙሉ ስረግጥ እውላለሁ። ማታ ሳቢያን ቤቴ እገባና ኮምፒውተር ላይ ድራጎን አሳድዳለሁ። ባለቤቴ «የቀኑ እንኳን ብር ያመጣል» ትላለች።

ጊልድ ዋርስ 2 ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው የውጊያ ጌም ነው። ስለ ታሪኩና መልኩ ላወራ አይደለም። ጌሙ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፤ ብዙ ተብሎለታል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ቁልፉን ስጫን ይታዘዘኛል ወይ? ሰይፉ ሲያርፍ እጄ ላይ ይሰማኛል ወይስ ጭራቁ አናት ላይ ቁጥር ብቻ ነው የሚበተነው? ድሬ ቁጭ ብሎ አውሮፓ ባለ ሰርቨር (ጌሙን በሚያስተናግደው ሩቅ ኮምፒውተር) ላይ ለሚዋጋ ሰው ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም።

በእግር መኪና ላይ መርገጫውን ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ጠበቅ ሲል እግሬና መርፌው አንድ ናቸው። ሲላላ እግሬ ይቀድማል፣ መርፌው ይከተላል። አዲስ ተለማማጅ ይህን አይለይም። «ክሩ መጥፎ ነው» ይላል፣ «ጨርቁ ወፈረ» ይላል። ጌም ላይም እንደዚያው ነው። ሰው ሲሞት «ገጸ ባሕሪው ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ይመርጣል። ችግሩ ግን ቺንጋው ጋ ነው።

የእኛ ቺንጋ ደግሞ ረጅም ነው። ከድሬ የአውሮፓው ሰርቨር እስካለበት ጀርመን በቀጥታ ቢለካ እንኳን ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ይህን ማንም መሐንዲስ አያሳጥርልህም። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በቀይ ባሕር ሥር ይሄዳል፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። እኔ ቤት ፒንጉ፣ ማለትም መልእክቴ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ በደህና ቀን 160 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በክፉ ቀን 220። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ስክሪን 200 ሚሊ ሰከንድ ማለት 12 ምስል ነው። በ12 ምስል ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል መሰላችሁ። ጭራቁ መዶሻውን አንስቶ አናቴ ላይ ያሳርፋል።

ወደ ጌሙ ልግባ። የምጫወተው ዋሪየር የሚባለውን ተዋጊ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ ይዤ። መሣሪያ ስትቀይር አምስቱ የመሣሪያ ስኪሎች (የምት ዓይነቶች) አብረው ይቀየራሉ። ሠላሳ ቁልፍ መሸምደድ የለም። አብዛኛውን ነገር እየሮጥክ ትመታለህ። በድሮዎቹ ጌሞች አንዲት እሳት ለመወርወር እንደ ሐውልት ተገትሮ መጠበቅ ነበር። እዚህ እግርህ ነጻ ነው። እንቅስቃሴው ደግሞ ሰርቨሩን ፈቃድ ሳይጠይቅ እዚሁ አንተ ማሽን ላይ ይጀምራል። ወደፊት ስትል ሰውዬው ወዲያው ይሄዳል። ሰርቨሩ የሚዳኘው ምቱን ነው። ለዚህ ነው ፒንጉ 200 ሆኖም ጌሙ «ከባድ» የማይመስለው። ግማሹ ቺንጋ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

የውጊያው ልብ ግን ዶጅ ነው፣ ተንከባሎ ማምለጥ። ጉልበት 100 አለህ። አንድ መንከባለል 50 ይበላል፤ በሰከንድ 5 ይመለሳል። ሁለቴ ከተንከባለልክ ለሦስተኛው 10 ሰከንድ ትጠብቃለህ። ስትንከባለል ለሦስት ሩብ ሰከንድ ምት አይነካህም። ይህች ሦስት ሩብ ሰከንድ ናት እንደኛ ዓይነቱን ሩቅ ሰው የምታኖረው። ስክሪኔ ላይ የማየው ነገር አርጅቶ ነው የሚደርሰኝ፤ የእኔም መልስ አርጅቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቀድሜ መንከባለል አለብኝ። በ750 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ግን 200ን መሳት ይቻላል። በሩ ሰፊ ስለሆነ ትከሻህ ጉበኑን ቢነካም ታልፋለህ።

ስሙን የማልጠራው ሌላ ጌም ነበር። መልኩ ያምራል፣ ኮምቦው (ምት በምት ላይ መደርደሩ) ያስደንቃል። ግን የማምለጫዋ በር የመርፌ ቀዳዳ ያህል ናት። ስክሪኔ ላይ ተርፌያለሁ፤ ሰርቨሩ ዘንድ ሬሳ ነኝ። ሦስት ወር ለፋሁበት። ጣቴ እየዛለ መጣ መስሎኝ ነበር፣ ዕድሜ ነው ብዬ። ጊልድ ዋርስን ስጀምር ጣቴ ዳነ።

ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርኩት በኮምፒውተር አይደለም። ልጅ ሳለን ከዚራ ዛፎቹ ሥር አንድ ጆተኒ ነበረ። እጀታው የዛገ፣ አንዱ አጥቂ እግሩ የተሰበረ። ጎበዝ በረኛ ኳሷን አያይም ነበር፤ የባላጋራውን አንጓ ነው የሚያየው። አንጓው ሲጠብቅ በረኛውን ያንቀሳቅሳል። ኳሷ ስትመታ ካንቀሳቀስክ ጎል ሆኗል። ጊልድ ዋርስ ውስጥ ትልልቆቹ ጭራቆች አንጓቸውን በደንብ ያሳያሉ። ትከሻቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ መሬቱ ላይ ቀይ ክብ ይወጣል። ክቡን ሳይሆን ትከሻውን ማየት የለመደ ሰው ከድሬም ሆኖ ይተርፋል።

ምቱ ራሱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ይጎድለዋል። የጃፓንና የኮሪያ ጌም ሠሪዎች አንድ የቆየ ብልሃት አላቸው። ሰይፉ ሥጋ ሲነካ ሥዕሉን ለጥቂት ምስሎች ያህል ያቆሙታል። ዓይንህ ሳያውቀው እጅህ ያውቀዋል። ብላክ ደዘርት የሚባለው የኮሪያ ጌም ውስጥ ይህ ነገር እስከ ጥርስ ድረስ ይሰማል፤ መዶሻ ስትመታ ጠረጴዛው የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ጊልድ ዋርስ 2 ግን ይቀላል። ሰይፉ እንደ ሰላ መቀስ ሐር ጨርቅ ላይ ይሄዳል። አንዳንዱ ይወደዋል። እኔ ጂንስ መስፋት የለመድኩ ነኝ፤ ትንሽ እንዲታገለኝ እፈልጋለሁ። ድምፁ ነው የሚያድነው፣ በተለይ የመዶሻው። በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ማለቴ ነው። በላፕቶፑ ድምፅማ ቆርቆሮ ነው።

ሌላው ሕዝብ ሲበዛ ነው። ሃምሳ ሰው አንድ ድራጎን ላይ ሲረባረብ ብርሃኑ ብርሃንን ይሸፍናል። ትከሻ የለ፣ አንጓ የለ። ሴቲንግ ውስጥ የሌላውን ሰው ብልጭታ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ አብሩት። እዚያው ሁለቴ በመጫን መንከባለልን አጥፉት፤ ገደል ጫፍ ላይ ሳታስቡት ትንከባለላላችሁ። መሬት ላይ የሚጣሉትን ስኪሎች ደግሞ ቁልፉን አንዴ በመጫን ብቻ እንዲሄዱ አድርጉ። ሁለት ጊዜ መጫን ለእኛ ሁለት ጊዜ መዘግየት ነው።

አሁን ስለ ፒንግ አንድ የማይባል ነገር ልበል። ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። ሁልጊዜ በእኩል የላላ ቺንጋ እግር ይለምደዋል። ሁለት ሱሪ ሰፍተህ ሦስተኛው ላይ ልክ ትገባለህ። የሚያሳብደው ሲያሻው የሚንሸራተት ቺንጋ ነው። ዝም ብሎ 190 ላይ የሚቆም መስመር 120 ሆኖ ድንገት 400 ከሚዘል ይሻለኛል። ለዚህ ነው ዋይፋዩን ትቼ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ኬብል የዘረጋሁት። ባለቤቴ ሁለቴ ተደናቅፋበታለች። አሁን ምንጣፍ ሥር ነው።

ሌሎች ጌሞች ይህን ርቀት እንዴት እንደሚሸከሙት ማየት ጥሩ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ ስኪል ከተጠቀምክ በኋላ በአብዛኛው 1.5 ሰከንድ ያስጠብቅሃል። ግን ጊዜው ሊያልቅ 400 ሚሊ ሰከንድ ሲቀረው ቀጣዩን ብትጫን ይይዝልሃል፤ ተራው ሲደርስ ይለቀዋል። ብልህ ነው፤ ፒንግህ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይደበቃል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ደግሞ ገና ሲፈጠር ዘገምተኛ ነው። ዓለሙ በየ0.6 ሰከንዱ አንዴ ይተነፍሳል። አንተም የስዊድኑም ልጅ ያንኑ ትንፋሽ ትጠብቃላችሁ። ግን ጠቅ ስታደርግ ቢጫ ወይ ቀይ ምልክት ያኔውኑ ስክሪንህ ላይ ይወጣል። «ሰምቻለሁ፣ ቆይ» እንደማለት ነው። በስልክም ስለሚሠራ ደንበኛ እስኪመጣ ሱቅ ውስጥ እጫወተዋለሁ። ከሁሉም ሐቀኛው ጌም እሱ ነው እላለሁ፣ ቢያስቀኝም። አልቢዮን የሚባለውን ጌም አውሮፓ ሰርቨር ሳይከፈት በአሜሪካው እጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓው ሲከፈት ከ270 ወደ 170 ወረድኩ። ያው ጌም፣ ያው ስልክ፣ ሌላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሁሉንም ግን በኢንተርኔት ማላከክ የለብንም። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ግንቦት ላይ ማታ ሦስት ሰዓት እንኳን ግድግዳው ይተነፍሳል። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከ60 ምስል ወደ 25 ይወርዳል። ይህም «ላግ» (መዘግየት) ይባላል፣ ግን ከጅቡቲ ኬብል ጋር ዘመድ አይደለም። እኔ ላፕቶፑን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጬ ቬንትሌተሩን ከጎን አዙሬበታለሁ። በዓመት ሁለቴ አቧራውን በብሩሽ አወጣለሁ፤ የስፌት መኪናዋንም የማጸዳው በዚያው ብሩሽ ነው። ርካሽ ኪቦርድም ሌላ ጠላት ነው። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን አንዱን ይውጣል። እየሮጥክ፣ ወደ ጎን እያልክ፣ ተንከባለል ስትለው ዝም። ሰውን አትስደቡ፣ መጀመሪያ ኪቦርዱን ፈትሹ።

ገንዘቡን ከጠየቃችሁኝ፣ ዋናው ጌም በነጻ ነው። የሚከፈለው ለተጨማሪዎቹ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ሙሉው ወርዶ ሳያልቅ መጀመርም ይቻላል፤ ዳታ ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቁጥጥሩ ከ10 ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። ለምቱ ሰባት።

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ቴኳትል የሚባለው ድራጎን ላይ አብረን ገባን። እሱ በዋይፋይ፣ እኔ በኬብል። ፒንጉን አይቶ ሳቀብኝ፤ የእሱ 140፣ የእኔ 185። ድራጎኑ ማዕበል ይልካል፣ በላዩ መዝለል አለብህ። ውሃው ሲነሳ አይቼ ዘለልኩ።

«አቦ አጎቴ፣ ገና ነው እኮ!» አለኝ።

ማዕበሉ በሥሬ አለፈ። እሱ ወድቋል። ስክሪኑን አየ፣ ምንጣፉን አየ። ሁለተኛውም ማዕበል ጣለው። ሦስተኛው ሳይመጣ ጎንበስ ብሎ የምንጣፉን ጫፍ ገለጠ።

«ስንት ሜትር ነው ይሄ?»