ከሰባት ወር በኋላ የጣት ስፕሊንቴን ስመዝነው

ስፕሊንቱን፣ ማለትም የታመመ ጣቴን አንጓ የሚይዘውን የፕላስቲክ መደገፊያ፣ የሸጠልኝ ልጅ «ቀለበት በሉት እማማ፤ አንዴ ካጠለቁት ይረሱታል» ብሎኝ ነበር። ይኸው ሰባት ወር ሙሉ አንድም ጠዋት ረስቼው አላውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ እኛ ሱሉልታ፣ በተለይ በክረምት ጣቶቼ አብጠውና ደርቀው ስለሚያድሩ የፕላስቲኩ ስፕሊንት የመሃል ጣቴን አንጓ አላልፍ ይላል፤ በሳሙና አሟልጬ በግድ ባስገባው ደግሞ ጣቴ ይደነዝዛል። ረፋዱ ላይ እብጠቱ ሲጎድል ያው ስፕሊንት ላልቶ ሳላውቀው ይወልቃል።

ባለፈው ሳምንት የወለቀው ሊጥ ሳማስል ቡሃቃ ውስጥ ነው። አክምባሎውን ስከፍት ከእንጀራው ዓይኖች አንዱ ከሌሎቹ ገዝፎ አየሁና ጠጋ ብል፣ 900 ብር ያወጣሁበት ስፕሊንት በምጣዱ ሙቀት ልሞ፣ ልክ እንደ ጣቴ ተጣሞ ተኝቷል።

ሻጩ ይህን ቢሰማ «ምጣድ ላይ ይጣሉት አልኩዎት ወይ?» እንደሚለኝ አላጣሁትም። አላልከኝም ልጄ፤ ነገር ግን የሚያብጥ ጣት ጠዋትና ከሰዓት አንድ ልክ እንደሌለው፣ ስለዚህም የልክ ቁጥራቸው ተከታታይ የሆነ ሁለት ስፕሊንቶች እንደሚያስፈልጉኝ ለምን ደበቅኸኝ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ በሽታ የመሃል ጣቴን መካከለኛ አንጓ ወደ ኋላ ለጥጦ ጫፉን አጎንብሶታል። ሐኪሞች የስዋን አንገት ይሉታል፤ ስዋን የተባለችውን ወፍ ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ስፕሊንቱ ይህን አያቀናም፤ እብጠቱንም የሚያበርደው በሳምንት አንድ ቀን የምውጠው ሜቶትሬክሴት እንጂ ፕላስቲክ አይደለም። የስፕሊንቱ ሥራ አንጓውን ከሥር ደግፎ፣ ከላይም ከአንጓው ወዲህና ወዲያ ጣቱን ይዞ ወደ ኋላ እንዳይለጠጥ መከልከል፣ ወደ ፊት መታጠፉን ግን መፍቀድ ነው።

በዚህ በኩል ሻጩን ዋሾ ልለው አልችልም። ቀድሞ ጣቴ ተገትሮ ይቀርና በሌላው እጄ ስገፋው «ቀጭ» ብሎ ነበር የሚታጠፍ፤ ስፕሊንቱን ካጠለቅሁ ወዲህ የሹራቤን ቁልፍ ራሴ እቆልፋለሁ፣ እንጀራም ቆርሼ ወጡ ሳይንጠባጠብ እጠቀልላለሁ። ያለ እርሱ ያሳለፍኋቸው እነዚህ ስድስት ቀናት ናቸው ንዴቴን ያበረዱት።

ነገ ከተማ ወርጄ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለጠዋቱ እብጠት ሰፋ ያለ፣ ሌላው ለከሰዓቱ ጠበብ ያለ። ሊጥ ስነካ ደግሞ አውልቄ መቀነቴ ጫፍ ላይ እቋጥረዋለሁ።