ሄሞግሎቢን ሲያንስ ወይስ ሳቹሬሽን ሲወርድ፣ የቱ ይብሳል?

ብዙ ሰው ጣት ላይ የምትደረገዋን ማሽን አይቶ "98 ነው እኮ፣ ኦክስጅኔ ሙሉ ነው" ይላል፣ ግን ማሽኗ የምትነግርህ ካለህ ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ስንት ፐርሰንቱ ኦክስጅን እንደያዘ ብቻ ነው (ሳቹሬሽን የሚባለው ይሄ ነው)፣ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ስንት እንደሆነ አታውቅም።

እስቲ በቁጥር እንየው። 1 ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ሄሞግሎቢኑ በ100 ሚሊ ደም 15 ግራም፣ ሳቹሬሽኑ 98 ፐርሰንት የሆነ ሰው በዚያው 100 ሚሊ ደሙ ውስጥ ወደ 20 ሚሊ ኦክስጅን አለው። ሳቹሬሽኑ ወደ 85 ቢወርድበት (ያስደነግጣል አይደል?) ገና 17 አካባቢ ነው። ሄሞግሎቢኑ በግማሽ ወርዶ 7.5 ቢሆንና ሳቹሬሽኑ እዛው 98 ላይ ቢቀመጥ ግን 10 ብቻ ይቀረዋል፣ ማሽኗ ደግሞ ሰላም ነው ትላለች!

መፍትሄውም አንድ አይደለም፤ ሳቹሬሽን ለወረደበት ኦክስጅን መስጠት ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ ደም ላነሰው ግን ብዙም አይጨምርለትም ምክንያቱም ያለችው ሄሞግሎቢን ድሮም ሞልታለች፣ በደም ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ልብ ፈጠን ብሎ እየመታ ያካክሳል፣ በተለይ ደሙ ቀስ እያለ ከሆነ ያነሰው።

በቁጥር ካየነው እንግዲህ የደም ማነሱ ይብሳል፣ ግን 85 ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ እሱም ያስቸኩላል።