24 ትንንሽ ዱባ በ35 ዶላር የሚለው ማስታወቂያ ገንዘባችሁን እንዳይበላው

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ የሃሎዊን ዕቃ ከኦንላይን ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን አታውጡ። እኔ ተበልቻለሁ።

የልጄ መምህርት 22 ተማሪዎች የሚያስጌጧቸውን ትንንሽ ዱባዎች የሚያመጣ ወላጅ ስትፈልግ እኔ ላምጣ አልኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። 24 ዱባ፣ ቀለም፣ ስቲከርና የሚበሩ ትንንሽ መብራቶች፣ ሁሉም በ34.99 ዶላር። ፎቶው ላይ ብርቱካንማና ነጭ ዱባዎች ተደርድረዋል፤ አንዲት ሕፃን አንዱን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ከላይ ደግሞ «ቅናሹ ሊያበቃ 11 ደቂቃ ቀረው» ይላል። ተጣድፌ ከፈልኩ። ከነማጓጓዣው 44.94 ዶላር ወጣብኝ።

ከ16 ቀን በኋላ የደረሰኝ ጥቅል የጫማ ካርቶን እንኳ አያህልም። ዱባ የተባለው ፎም ነው። አንዱን ኩሽና ውስጥ ከነበረ ሎሚ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ሎሚው ይበልጠዋል። በማስመሪያ ስለካው 4 ሴንቲሜትር አልሞላም። በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ብርቱካንማው ቀለም ተላጠና ነጩ ፎም ወጣ። ልጄ ፓኬቱን ገልብጣ አየችና «እማዬ፣ ዱባዎቹስ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ተመልሼ ገጹን ሳየው መጠኑ ተጽፏል። ፎቶዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል። «እውነተኛ ዱባ» የሚል ቃል ደግሞ የትም የለም፤ ፎቶው ነው እንደዚያ ያሳሰበኝ። ሰዓቱም ገጹን ዘግቼ በከፈትኩት ቁጥር ከ11 ደቂቃ ይጀምራል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ መብራቱ ነው። ውስጡ እንደ አዝራር ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ አለች። ክዳኗ ብሎን የለውም፤ በጥፍር ይከፈታል። ሕፃን ይህን ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። አሜሪካ በ2022 የወጣው የሪስ ሕግ ክዳኑ ልጆች በቀላሉ የማይከፍቱት እንዲሆን ያስገድዳል። እንዲህ ያለ መብራት ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አንሱት። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ነገ እናያለን አትበሉ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሻጮቹን ገንዘቤን መልሱ ስላቸው «ዕቃውን ያዙት፣ 15 በመቶ እንመልሳለን» አሉ። እምቢ ስል 20፣ ከዚያ 30። መመለስ ከፈለግሽ ደግሞ ወደ ውጭ አገር የመላኪያውን ራስሽ ቻዪ። የዕቃው ዋጋ ያን ያህል አያወጣም! ይህን ድርድር አትቀበሉ። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ የተላከው የተባለው ዕቃ አይደለም ብላችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ። የክሬዲት ካርድ ሕጉ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣችኋል፤ በጽሁፍ ይሁን። የገጹን፣ የመልእክቱንና በማስመሪያ የተለካውን ዱባ ፎቶ አያይዙ። በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት የስልክ አገልግሎት፣ የላካችሁት ገንዘብ ግን አንዴ ከሄደ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። ያዘዛችሁት ገና ካልተላከና ሻጩ ቃል የገባበት ቀን ካለፈ፣ ቀን ካልጠቀሰም 30 ቀን ከሞላ፣ ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

እኔ በመጨረሻ ሰፈሬ ካለው ግሮሰሪ እውነተኛውን ገዛሁ። መዳፍ የሚሞላ፣ ጃክ ቢ ሊትል የሚባለው ዓይነት፣ አንዱ በ79 ሳንቲም። ሃያ ሁለቱ 17 ዶላር ከምናምን። ነጩ ቤቢ ቡ ይባላል፤ ቀለም እሱ ላይ ደምቆ ይታያል። ስትመርጡ ጭራው ያልተሰበረውን፣ ልጡ ጠንካራ የሆነውን ውሰዱ። በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ በደንብ አድርቁት። አክሪሊክ ቀለም ወይም ማርከር ይይዛል፤ በውሃ የሚታጠበው የልጆች ቀለም ግን ሲደርቅ ይረግፋል። እኛ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቆርጠን እንደ ሻርፕ አሰርንላቸው፣ ለዓይን የቡና ፍሬ በሙጫ ለጠፍን። መጀመሪያ ቅርንፉድ የሰካሁባቸው ሁለቱ በሳምንት ውስጥ በሰበሱ፤ ያልተበሱት ግን ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ ከተቀመጡ ሳምንታት ይቆያሉ። ቀለም ያልነካው ከተረፋችሁም ወቅቱ ጽጌ ጾም ነው፤ ዱባ ወጥ ይሆናል። የተቀባውን ግን እንዳትበሉት።

ማስታወቂያው ሰሞኑን በሌላ የሱቅ ስም ተመልሶ መጥቷል። ፎቶው ያው ነው። ሕፃኗ ዱባውን በሁለት እጇ ያቀፈችበትን ካያችሁ እለፉት።