ፎርማት ሳያረግ የሚሰራ ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ አግኝቻለሁ (ሊኑክስ ለምትጠቀሙ)

ሰላም የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች በሙሉ። ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ። ጠባሴ በኩል ኮምፒውተር የሚሰራ አንድ ልጅ አለ፣ ስሙንም ስልኩንም አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ስለነገረኝ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ እልክለታለሁ። ሙያውን ግን ደብቄ አልቀመጥም።

ለማታውቁኝ፣ የኮምፒውተር ጽሁፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ በመመረቂያ ሰሞን ደግሞ የተማሪዎቹ ጽሁፍ። የሰው ፍላሽ የማይገባበት ቀን የለም፣ እና ያ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያረገው ቫይረስ ከስንት ደንበኛ ጋር እንዳጣላኝ እኔ ነኝ የማውቀው፣ በዛ ምሬት ነው ማሽኖቹን በሙሉ ወደ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም ነው) ያዞርናቸው፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን የሚባለው ነው የተጫነው። ከቫይረሱ ተገላገልን። አማርኛውና ኪቦርዱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ፣ እሱን የሚያይልን ሰው ደግሞ ጠፋ። የመጣው ቴክኒሻን ሁሉ ገና ማሽኑን ሳይነካ "ይሄማ ፎርማት መደረግ አለበት" ነው የሚለው። ኧረ ችግሩ ምንድነው ስትሉት መልስ የለውም፣ ፎርማት። ፋይል ሲጠፋ ፎርማት፣ ፕሪንተር እምቢ ሲል ፎርማት፣ ሊኑክስ ሲያይማ እንደውም ደስ ይለዋል ዊንዶውስ ልጫንልሽ ይላል። ማንንም በስም አላነሳም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ይሄ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ያረገው ነገር ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው። "እትዬ፣ እስኪ እንደ ወትሮው ስሩ እኔ ልይ" አለኝ።

የመጀመሪያው ችግር ጀርመን ያለች የእህቴ ልጅ ያመጣችልኝ ላፕቶፕ ነው። ዲስኩ የተቆለፈ ነው፣ የሰው ውልና መታወቂያ ስካን ስለሚቀመጥበት ገና ሲነሳ ፓስወርድ ይጠይቃል። እና የሚገርማችሁ እኔ ስጽፈው ይከፍታል፣ ጸሀፊዋ ልጅ ያንኑ ፓስወርድ ስትጽፈው እምቢ ይላል። በፊት ያየው ሰው ኪቦርዱ ተበላሽቷል ይቀየር ብሎ ዋጋ ሁሉ ነግሮኝ ነበር። ይሄኛው ልጅ ግን ኪቦርዱን ትቶ የሁለታችንን እጅ ነው ያየው። ከዛ ሳቀና "እርስዎ ፊደሉን እያዩ ነው የሚጽፉት፣ እሷ ሳታይ ነው የምትጽፈው" አለ። ለካ የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል፣ እኔ ዋይ የተጻፈበትን ፈልጌ ስለምመታ ይሰራል፣ እሷ ጣቷ በለመደው በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ቦታ ስለሚሄድ ዋይ ብላ ዜድ ይጻፍባታል፣ ፓስወርዱ ደግሞ በኮከብ ስለሚሸፈን አይታያትም። ዴስክቶፑ ከተከፈተ በኋላ እሷ ችግር የለባትም ምክንያቱም እዛ ላይ ያ የቀድሞው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮታል፣ ሲነሳ የሚመጣው የፓስወርድ መጠየቂያ ግን ከዴስክቶፑ በፊት ነው የሚሰራው፣ እሱ የጀርመኑን እንደያዘ ቀርቷል።

እና ዝም ብሎ አልቀየረውም፣ እዚህ ጋ ነው ልጁን የወደድኩት። መጀመሪያ ተጠባባቂ ፓስወርድ ጨመረልኝ፣ የተቆለፈ ዲስክ ከአንድ በላይ ፓስወርድ ይቀበላል አለ፣ ተጠባባቂውን በሁለቱም ኪቦርድ ቦታቸው በማይቀየር ፊደሎች ብቻ ሰራው፣ ነገሩ ቢሳሳት እንኳን በር ላይ እንዳንቀር። ከዛ በኋላ ነው ኢቲሲ ስር ዲፎልት ውስጥ ያለውን ኪቦርድ የሚባል ፋይል ከፍቶ ጀርመን የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የቀየረው። ዴቢያን ላይ ያቺ አንድ ፋይል ለጥቁሩ ስክሪንም (ትዕዛዝ በጽሁፍ ብቻ ለሚሰጥበት) ለዴስክቶፑም ታገለግላለች፣ ዴስክቶፑ የራሱን ምርጫ ካልያዘ ማለት ነው። ግን ይሄም አይበቃም፣ ሲነሳ የሚጫነው ትንሹ ሲስተም፣ ኢኒትራምኤፍኤስ ይሉታል፣ የራሱ ኮፒ ስላለው እሱንም እንደገና መስራት ያስፈልጋል፣ ሰው ሁሉ ይቺን ነው የሚረሳት አለኝ። አድሶት ማሽኑን አጥፍቶ አስነስቶ መጀመሪያ እሷን አስጻፋት፣ ከዛ እኔን። ለኔ ፊደሉን እያየሁ ለምጽፈው ደግሞ ቁልፎቹ ላይ ስቲከር ለጠፈልኝ። ዋይና ዜድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጀርመኑ ላይ ስላሽ ሰባት ቁጥር ላይ ነው በሺፍት፣ ሰረዟ ደግሞ እኛ ስላሽ የምንላት ቦታ ላይ ናት፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ደግሞ ያለ ስላሽና ያለ ሰረዝ ምን ይሰራል።

ሁለተኛው የጓዳዋ ማሽን ናት። አሮጌ ናት፣ ራሟ ሁለት ጊጋ ብቻ ስለሆነ ዴስክቶፕ የላትም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሁፍ ብቻ። የደንበኛ ፋይል ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ የፋይል ስም በአማርኛ ነው የምንሰጠው። እሷን ከፍታችሁ ዝርዝር ስታዩ አማርኛ የለም፣ የዶላር ምልክት ከዛ 341፣ 210፣ 260 እያለ ቁጥር ይደረድራል። ፋይሎቹ ተበላሽተዋል ተብዬ ነበር እኮ! እንቅልፍ ያጣሁበት ነው።

ልጁ "ሰ" የምትባል አንዲት ፊደል ስሟ የሆነ ባዶ ፋይል ፈጠረና አሳየኝ፣ ያቺኑ 341 210 260 አወጣች። ኮምፒውተሩ ሰን የሚያስቀምጣት በሦስት ባይት ነው፣ እነዚህ ቁጥሮች እነሱ ናቸው፣ ፋይሉም ስሙም ደህና ነው፣ ማሽኗ ናት ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የሰጠው ስርዓት ነው) እንድታነብ ያልተነገራት አለኝ። ሎኬል የሚባለውን የቋንቋ ማስተካከያ ዩኒኮድን ወደሚያነበው ወደ ዩቲኤፍ ኤይት ቀየረው። እኔ አማርኛ ኢትዮጵያ የሚለው ዝርዝሩ ውስጥ ሳየው እሱን አርግልኝ ብዬ ነበር፣ ይቻላል ግን የስህተት መልዕክቱ በእንግሊዝኛ ቢመጣ ነው ጉግል ላይ የሚገኘው ብሎ እንግሊዝኛ ዩቲኤፍ ኤይት ላይ ተወው። ፋይሉን ለማየት ሁለቱም አንድ ነው።

ቁጥሩ ሄደ፣ በቦታው ተመሳሳይ ትናንሽ ምልክት ተደረደረ። በቃ አልሆነም ብዬ ነበር እሱ ግን "አሁንማ ቀለለ፣ ማንበቡን ችላለች የፊደሉ ስዕል ነው የሌላት" አለ። እና ከኢንተርኔት ምንም ሳያወርድ እዛው ዴቢያኑ ውስጥ ኮንሶል ሰትአፕ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍቶ የፊደል ምድብ ሲጠይቀው የኛን የኢትዮጵያን ፊደል መረጠ፣ ፎንቱ ጎሀ ይባላል፣ ጎሀ ክላሲክ የሚባልም አለ። ስክሪኑ ጭልም ብሎ ሲመለስ የፋይሎቹ ስም ሁሉ በአማርኛ! የምር እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ይሄ ሁሉ ጊዜ እዛው ውስጥ ተቀምጦልን ነበር።

በትልቁ አርግልኝ ስለው ግን የለም አለኝ፣ ሌላው ቢሆን እሺ ብሎ አበላሽቶ ይሄዳል። ጎሀ ስፋቱ 8 ነጥብ ቁመቱ ቢበዛ 16 ነጥብ ነው፣ እንደ ተርሚነስ ያሉት የእንግሊዝኛ ፎንቶች እስከ 32 ቁመት አላቸው የኛው አልተሰራለትም። በስምንት ነጥብ ስፋት ጨ እና ሿ ምን እንደሚመስሉ አስቡት፣ ተጨናንቀው ነው የሚታዩት። ስክሪኑ ሲነሳ ሬዞሉሽኑን ዝቅ አርጎ ትንሽ አጎላልኝ፣ ለኔ ዓይን በቂ ነው።

ሌላም ያልገባኝን አስረዳኝ፣ ለምን ዴስክቶፑ ላይ ያለው ቆንጆ ፎንት እዚህ አይሰራም? የሊኑክስ ጥቁሩ ስክሪን ፎንት መያዝ የሚችለው 256 ወይም 512 ስዕል ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ቦታ የለውም። ለኛ ፊደል ዩኒኮድ ላይ ዋናው ክፍል 384 ቦታ ነው የተያዘለት፣ ሁሉም ባይሞላም፣ ስለዚህ በ256 አይታሰብም፣ በ512ቱ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ይገባል። 512 ሲሆን ደግሞ የጽሁፍ ቀለም ከ16 ወደ 8 ይወርዳል፣ ደማቆቹ ይቀራሉ። ይቅሩ፣ እኔ ለቀለም አይደለም የገዛኋት። ቻይናዎቹማ በዚህ ጥቁር ስክሪን ጨርሶ አይችሉም ማለት ነው፣ ፊደላችን በዛ እያልን ስናማርር።

መጻፉ ግን እዛ ላይ አይሆንም፣ ይሄንንም በግልጽ ነገረኝ። ጥቁሩ ስክሪን አንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ ፊደል ነው የሚያወጣው፣ ኤስ እና ኤ ተነክተው ሳ እንዲሆኑ የሚያረግ በመሀል የሚያቀናብር ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው። መፍትሄው፣ በአማርኛ ስም መጻፍ ሲያስፈልግ ከፊት ካለው ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ መስሪያ ነው) ወደ ጓዳዋ መግባት ነው። እንዲህ ሲገባ ፎንቱም ኪቦርዱም የፊተኛው ኮምፒውተር ነው፣ ጓዳዋ ስለፊደል ስዕል ምንም አትጨነቅም። አሁን ጓዳ የምንገባው ኔትወርክ ሲቋረጥ ብቻ ነው።

የፊት ኮምፒውተሮቹ ቶሎ ነው ያለቁት። ያንን የሚያቀናብረውን ፕሮግራም፣ አይባስ የሚባለውን፣ ከኤም 17 ኤን ጋር ጫነ፣ የአማርኛው አጻጻፍ ሴራ ይባላል፣ ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ ያዘጋጁት ስርዓት ነው። ትልቁ ቲ ጥ፣ ትልቁ ሲ ጭ፣ ኤክስ ሽ። ጸሀፊዋ በፓወር ግዕዝ (የዊንዶውሱ አማርኛ መጻፊያ) ያደገች ስለሆነች ሰሞኑን ስታጉረመርም ነበር አሁን ለምዳዋለች፣ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ አማርኛና እንግሊዝኛ ትቀያይራለች። ለፎንት አቢሲኒካ እና ኖቶ ኢትዮፒክ አስገባልን። አንድ ቅር ያለኝ፣ ደንበኛ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሲያመጣ ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ እኛ ጋ የለም፣ በሌላ ይተካና ገጹ ይገፋል፣ 40 ገጽ የነበረው 43 ሊሆን ይችላል። ይሄ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ እንደውም ቀድሞ አስጠንቅቆኛል፣ የሰው መመረቂያ ጽሁፍ ከሆነ ማውጫውን ሳናይ አናትምም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚከፈቱት፣ እነሱን በፎንት አላስተካክልም መቀየሪያ ፕሮግራም ነው የሚፈልጉት ብሎ ገንዘብ አልተቀበለበትም።

ያረገውን ሁሉ በደብተር ጽፎልኛል፣ የትኛውን ፋይል እንደነካ፣ በፊት ምን ይል እንደነበር፣ ለመመለስ ምን እንደሚጻፍ። ሊኑክስ የማያውቅ ሰው እንኳን አንብቦ ይከተለዋል። ዋጋው ፎርማት ከሚያረጉት ትንሽ ይበልጣል፣ አልዋሽም፣ ግን ሥራችን ሳይቆም ነው የሰራው፣ ፋይልም አልጠፋብንም። እጁ ይባረክ፣ እናቱን ያኑርለት።

እንከኑንም ልንገራችሁ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ስልክ አያነሳም፣ ቴሌግራም ነው የሚመልሰው፣ እሱንም ማታ ማታ። ብርዱ ነው መሰለኝ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አታገኙትም። ቶሎ በል ቶሎ በል ከተባለ ዕቃውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ትራንስፖርቱን ከቻላችሁለት ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ይወርዳል፣ መሀል ሜዳ ያላችሁ ግን እዛ ዘመድ ስላለው ሲመጣ ጠብቁት ይሻላል፣ በኤስኤስኤች ከሩቅ የሚሰራውም ሥራ አለ።

ስትጽፉለት "አማርኛ አይሰራም" ብቻ አትበሉት፣ መልሶ መላልሶ ነው የሚጠይቃችሁ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱና ላኩ፣ ሳጥን ነው የሚታየው ወይስ የጥያቄ ምልክትና ቁጥር ወይስ ከነካችሁት ሌላ ፊደል ነው የሚወጣው፣ ይሄን ካየ ግማሹን ሥራ ሳይመጣ ይጨርሰዋል። የኪቦርዱንም ፎቶ ጨምሩበት፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ከአረብ ሀገርም ከአውሮፓም። እና ዲስካችሁ የተቆለፈ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት።