ደሴን በእግር፦ ምሳውን ባያበላሸው 5 ከ5 ነበር

ባለፈው ረቡዕ ደሴ ውስጥ የሙሉ ቀን የእግር ጉዞ ሄጄ ነበር። የከተማው ልጅ ነው የሚያስጎበኘው፣ ምግቡን ቅርሱን ሙዚቃውን ያሳያል፣ ምሳና ቡና ጨምሮ በሰው 1500 ብር። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ትንሽ ላማው ነው ሃሃ፣ ግን 4 ሰጥቼዋለሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ፒያሳ ተገናኘን፣ ሰባት ነን፣ ሁለቱ ከኮምቦልቻ የመጡ ሙስሊም ሙሽሮች ሌሎቻችን ከአዲስ አበባ። ደሴን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ስር ያለች 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ሜዳ የሚባል ነገር ብዙም አታገኙም፣ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ልጁ ደግሞ እንደ ፍየል ነው የሚወጣው፣ ቀስ በል ስንለው "አብሽሩ ደርሰናል" ይላል፣ አልደረስንም።

ሙዚየሙ ላይ ቅር ብሎኛል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ብዙ ነገር አጥቷል፣ ስለዚህ የቀረውን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልግ ነበር፣ እሱ ግን 20 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ አስወጣን። አይጠየፍ ላይ ነው ምላሱ የተፈታው። ንጉሥ ሚካኤል ያሰሩት የግብር አዳራሽ ነው፣ ደሃ ሀብታም ሳይባል ማንም የማይጠየፍበት ስለሆነ ስሙም ከዛ መጣ ብሎ እንዴት አድርጎ እንደተረከው፣ ቆመን አፋችንን ከፍተን ነው የሰማነው።

እና ይሄን ባወራ ባንድ ሰዓት ውስጥ ምሳ ብሎ የወሰደን የት መሰላችሁ? መስቀል የተለጠፈበት ጥብስ ቤት! በረቡዕ! እኛ ጾመኛ፣ ሙሽሮቹ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉ፣ አንድ ሰውዬ ብቻ ጥብሱን እየበላ ስድስታችን ለስላሳ ይዘን ተፋጠጥን። ሰርግ ላይ እንኳን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ የሚታረድበት አገር ወሎ ላይ ይሄ ይረሳል እንዴ፣ ጠዋት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበር እኮ። ይቅርታ ጠይቋል፣ የምሳውን ግን አልመለሰም።

ከዛ በባዶ ሆድ ክራር ልንሰማ ሄድን፣ እዚህ ጋ ግን ልጁን ሳላመሰግን አላልፍም። ሆቴል ውስጥ ስፒከር ጆሮ የሚበጥስበት የባህል ምሽት አይደለም፣ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ክራር፣ ማይክ የለ ምን የለ። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፣ ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች እንደሆኑም አውቃለሁ፣ ልዩነታቸውን ግን በጆሮዬ ለይቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ትዝታን ተጫውተው ጨረሱና ዝም ብለው ጅማቱን ጠበቅ ላላ አደረጉ፣ ያንኑ ዜማ ሊመስል ምንም አልቀረው፣ ግን አገሩ ተቀየረ! ቅኝት የሚባለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ ክራሩ ራሱ እንደገና ይቃኛል። ለዚህ ብቻ 1500ው ቢከፈል አይቆጭም።

መጨረሻ ቡና። አንዲት ሙስሊም እናት ቤት ነው፣ ጭሱ ጫን ያለ፣ ቄጤማው የተጎዘጎዘ። ምሳ እንዳልበላን አይተው አወቁት መሰለኝ፣ ልጁን "አንተ ሰው ታስርባለህ እንዴ!" ብለው ተቆጡና ሽሮ በትልቅ ትሪ አመጡ፣ ጾመኛውም ሙሽሮቹም ካንድ ትሪ በላን፣ እንደዛ የሚጣፍጥ ሽሮ ከበላሁ ቆይቻለሁ። ከዛ አቦል ሲቀዳ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፣ ለሙሽሮቹ ልጅ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለእኔ ባል (ማን እንደነገራቸው አላውቅም)፣ ሁላችንም አሚን አልን።

11 ሰዓት ያልቃል የተባለው 12 ተኩል ሆነ፣ በረካው ሳይጠጣ አትወጡም ተብለን። ጃኬት ያዙ፣ ማታ ብርዱ አይጣል ነው።