ሜምቴስት86+፦ በራሱ የሚጠፋና የሚነሳ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ መሞከር ያለበት ነፃ መሣሪያ

ኮምፒውተሩ በየመሃሉ ሪስታርት ማድረግ ሲያበዛ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ እንደገና ወደ መጫን ነው። ጥፋቱ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ከሆነ ይህ ድካም ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። ከፍላሽ ወደ ዲስክ የሚገለበጠው እያንዳንዱ ፋይል የሚያልፈው በራሙ በኩል ነው፤ ራሙ አንድ ቢት ቢለውጥ ፋይሉ ገና ሲጻፍ ተበላሽቶ ይቀመጣል። አዲሱ ዊንዶውስም ሳይውል ሳያድር ወደ ሰማያዊው ስክሪን ይመለሳል። የሲስተም ፋይሎችን የሚጠግነው ኤስኤፍሲም ቢሆን በታመመ ራም ላይ ሲሠራ ደህናውን ፋይል ተበላሽቷል ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ራሙ ይጣራ፤ ለዚህ ደግሞ ሜምቴስት86+ን የሚያህል ነፃ መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ችግሩ ያለው ከአጠቃቀሙ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ዙር አስኪዶ አረንጓዴ ጽሑፍ ሲያይ ያጠፋዋል።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ሜምቴስት86 እና ሜምቴስት86+ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ክሪስ ብሬዲ በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀመረው ሲሆን ከ2013 ወዲህ በፓስማርክ ኩባንያ እጅ ነው፤ ነፃው እትም ከ4 ዙር በላይ አይሄድም። ባለ ፕላሱ በ2004 ከዚያው ኮድ የተገነጠለ፣ ምንጩ ክፍት የሆነና እስክታቆሙት ድረስ ያለ ገደብ የሚዞር ነው። በ2013 የወጣው 5.01 እትሙ በዩኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) ብቻ በሚነሳ ማሽን ላይ አይሠራም፤ አሮጌ ሲዲ ላይ አግኝታችሁት ከሆነ ተዉት። በጥቅምት 2022 የወጣው 6.00 እንደ አዲስ የተጻፈ ስለሆነ በድሮው ባዮስም በዩኢኤፍአይም ይነሳል። ከእሱ ወዲህ ካሉት የመጨረሻውን አውርዱ።

ከማውረዳችሁ በፊት ግን ዊንዶውሱ የመዘገበውን ማየት ያስፈልጋል። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውሱ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ከፍታችሁ ከርነል ፓወር፣ ቁጥር 41 የሚለውን ፈልጉ። መዝገቡ ራሱ «ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ተነሳ» ከማለት አያልፍም፤ ቁም ነገሩ ዲቴይልስ ውስጥ ያለው በግቼክ ኮድ፣ ማለትም የሰማያዊው ስክሪን የስህተት ቁጥር ነው። እዚያ የሚጻፈው በአሥርዮሽ ቁጥር ነው። 26 እና 80 ወደ ራም ይጠቁማሉ፤ ያልተስተካከለ ድራይቨርም ሊያመጣቸው ይችላል። 122 ከሆነ ዲስኩንና የዲስኩን ኬብል ጠርጥሩ፤ 278 ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ድራይቨሩን። 292 ሲፒዩው ራሱ የሃርድዌር ስህተት ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። 0 ከሆነ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ለማሳየትም ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፦ መብራቱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ድንገት ተቋርጧል፣ ወይም ማሽኑ ደርቆ ሰው በእጁ አጥፍቶታል። ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ብሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሱት፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የትኛውም አሮጌ ፍላሽ ይበቃዋል፤ ኢንስታለሩ ግን ፍላሹን ፎርማት ስለሚያደርገው ውስጡ ያለውን ቀድማችሁ ገልብጡ። ሰው የሚሰናከለው ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሳ በሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ላይ ነው። የፓስማርኩ ሜምቴስት በማይክሮሶፍት ስለተፈረመ ሴኪዩር ቡት በርቶም ይነሳል፤ ባለ ፕላሱ አልነሳም ካለ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉት። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የበራበት ማሽን ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ሳትይዙ ይህን ማስተካከያ አትንኩ። ሴኪዩር ቡት ሲለወጥ ዊንዶውሱ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ እንደተቆለፈ ይቀራል። ፍላሹ ሲነሳ ፈተናው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ ይጀምራል። ኤፍ1 ማስተካከያውን ይከፍታል፣ ኢስኬፕ ያስወጣል።

ስክሪኑ የድሮ ዶስን ያስታውሳል፦ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ማውስ የለም። ከላይ የሲፒዩው ዓይነትና ሙቀት፣ የራሙ መጠንና ፍጥነት፣ ከጎን ደግሞ የዙሩና የፈተናው መቶኛ ይታያል። ከ0 እስከ 10 የተቆጠሩ ፈተናዎች አሉ፤ ከፊሎቹ አድራሻዎች እርስ በርስ መደባለቃቸውን፣ ከፊሎቹ የተጻፈው ሳይለወጥ መነበቡን ይፈትሻሉ። የመጨረሻው፣ ቁጥር 10፣ ራሙን በአንድ ዓይነት ቢት ሞልቶ ለደቂቃዎች ዝም ይልና ተመልሶ ያነባል፤ ቻርጁን መያዝ ያቃታት ሴል የምትጋለጠው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሆን ተብሎ ያጠረ ነው። ዙሩ ያለ ስህተት ሲያልቅ ትልቁ «ፓስ» ብቅ ይላል፤ ይህ ግን ማለቁን አይደለም የሚነግራችሁ። ቢያንስ 4 ዙር፣ ሪስታርቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይዙር። ራም ሲሞቅ ብቻ የሚሳሳትበት ጊዜ አለና ገና በቀዘቀዘ ማሽን ላይ የተገኘ «ፓስ» ብዙ አያስተማምንም።

ስህተት ሲገኝ ቀይ መስመር ይወጣል። መስመሩ ላይ የፈተናው ቁጥር፣ አድራሻው፣ ይጠበቅ የነበረውና የተገኘው ዋጋ አለ። ለምሳሌ የሚጠበቀው 00000000 ሆኖ የተገኘው 00000400 ከሆነ የተለወጠው አንድ ቢት ብቻ ነው። ቀጣዮቹ መስመሮች ላይ አድራሻው እየተለያየ ያችው 400 የምትመላለስ ከሆነ አንዱ ራም ላይ ያለች አንዲት ቺፕ ወይም አንድ የዳታ መስመር ታሟል ለማለት ያስደፍራል። አድራሻውም ቢቱም በየቦታው የሚዘል ከሆነ ግን ራሙን ከመወንጀል በፊት ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁንና አቀማመጡን መመርመር ይሻላል። መሣሪያው ሪፖርት ፋይል ስለማያስቀምጥ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት። ደግሞ «አንድ ስህተት ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ደህና ራም የሚያሳየው ስህተት ዜሮ ነው።

የታመመውን ራም መለየት ትዕግስት ይጠይቃል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የፓወር ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ ከዚያ ራሞቹን አውጥታችሁ አንዱን ብቻ መልሱ። ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ሁለት ራም ሲሆን ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን ራም በዚያው ስሎት በተራ ፈትሹ። ስህተቱ አንዱን ራም ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ሁሉም ራም በአንድ ስሎት ላይ ወድቆ በሌላው የሚያልፍ ከሆነ ስሎቱ ወይም የሲፒዩው ሶኬት ይጣራ፤ የታጠፈ ፒን አንዱን የራም ቻናል እንዳለ ሊያጠፋ ይችላል። ሁሉም ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሆኑ ብቻ የሚወድቁ ከሆነ አብሮ መሥራት አቅቷቸዋል ማለት ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞች ሲቀላቀሉ ይህ የተለመደ ነው። ነቅሎ መልሶ መትከል ብቻውን የፈታው ችግርም ጥቂት አይደለም፤ ወርቃማውን ጫፍ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጋችሁ ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫኑት።

ራም ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥኑትን የባዮስ ማስተካከያዎች፣ ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን፣ አጥፍታችሁ ፈተናውን ድገሙት። ካርቶኑ ላይ 3600 የተጻፈበት ዲዲአር4 ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ከደረጃው 1.2 ቮልት ከፍ ተደርጎ፣ ብዙ ጊዜ በ1.35 ቮልት ሲሠራ ነው፤ ሲፒዩው ውስጥ ያለው የራም ተቆጣጣሪ ደግሞ ሁልጊዜ አይችለውም። ሲጠፋ ስህተቱ ከጠፋ ባዮሱን አድሱ፣ ካልሆነም ወደ 3200 አውርዱትና ኑሩ። የፍጥነት ልዩነቱ በዕለት ሥራ ላይ አይታወቅም፤ ሪስታርቱ ግን ይታወቃል። አራት ዲዲአር5 ራም በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ሙሉ ፍጥነቱን እንዲሰጥ መጠበቅ የዋህነት ነው። ዲዲአር5 ማሽን ራም ሲቀየርለት ስክሪኑ ጠቁሮ ለደቂቃዎች ሊቆይ እንደሚችልም እወቁ፤ ራሙን እየለካ ስለሆነ ደንግጣችሁ አታጥፉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የሚዘነጋው ውጤት መሣሪያው የማይጽፈው ነው። ሜምቴስት እየዞረ ሳለ ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት ካደረገ በዚያች ሰዓት ዊንዶውስም፣ ድራይቨርም፣ ቫይረስም አልነበረም። የቀሩት ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ፣ ሲፒዩ፣ ራምና ሙቀት ናቸው። ሙቀቱ ከላይ ይነበባል፤ በሙቀት የተቆረጠ ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ወዲያው አይነሳም። ፓወር ሰፕላዩን በመልቲሜትር ለኩት፦ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ሶፍትዌር የሚያሳየውን ቮልቴጅ አትመኑ። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካያችሁ ደግሞ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ደርቆ መቆም ግን ከሪስታርት ይለያል፤ መሣሪያው ራሱ ከአንዳንድ ባዮስ ጋር ስለማይስማማ ሊደርቅ ይችላል።

በተቃራኒው ሌሊቱን ሙሉ አልፎ ጌም ሲከፈት ብቻ የሚወድቅ ማሽን ላይ ሜምቴስት ምንም አይነግራችሁም። ግራፊክስ ካርዱን አይነካም፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩም ከባዱን ጭነት አያይም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ሲፒዩ ያላችሁ ከሆነ ከራሙም በፊት ባዮሱን አድሱ፤ ኢንቴል በ2024 ያወጣቸው የማይክሮኮድ ማስተካከያዎች ለዚሁ ዓይነት ብልሽት የታሰቡ ናቸው፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያዎቹ ግን አስቀድሞ የተጎዳውን ሲፒዩ አያድኑትም።

ጉድለቱን ለመናገር፦ የዩኤስቢ ኪቦርድ የማያውቅባቸው ማሽኖች አሉ፤ ዲዲአር5 በውስጡ የሚያርመውን ስህተትም ማየት አይችልም። ዊንዶውስ ውስጥ የተገጠመው ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ፍላሽ ስለማይፈልግ ለፈጣን ቅኝት አይጠላም፤ ኤፍ1 ተጭናችሁ ኤክስቴንድድ ካላደረጋችሁት ግን ፈተናው ላላ ያለ ነው። ችግር ሲያገኝም «የሃርድዌር ችግር አለ» ይላል እንጂ አድራሻ አይሰጥም።

አድራሻው ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ለተበየደ ላፕቶፕ ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ ጥቂት አድራሻዎች ላይ ብቻ ከሆነ ኤፍ1 ውስጥ የሪፖርቱን ዓይነት ወደ ባድራም ቀይራችሁ የሚወጣውን ቁጥር ለሊኑክሱ ማስነሻ ለግረብ መስጠት ይቻላል፤ ሊኑክሱም የታመመውን ቦታ ይዘለዋል። በዊንዶውስ በኩል የአድራሻውን የመጨረሻ ሦስት አሃዝ ቆርጣችሁ የቀረውን የገጽ ቁጥር ቢሲዲኤዲት በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ባድ ሜሞሪ ሊስት ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ዊንዶውሱ ከዚያ በኋላ ያንን 4096 ባይት እየዘለለ ይሠራል። ቀዩ መስመር ስክሪኑን የሞላው ከሆነ ግን ይህ አይሞከር፤ ፋይላችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አውጡና ማዘርቦርዱ ይቀየር።