ኒዮቪም ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ቅንብሩና ፕለጊኑ ሲያስቸግሩ

ኒዮቪምን ዋና የጽሑፍ ኤዲተሬ ካደረግሁት ወራት አልፈዋል። ፍጥነቱ ብዙ ስለተወራለት በእርሱ ላይ አልቆይም። ይልቅስ ሊጀምር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ቅንብሩ ሲበላሽ ወይም ፕለጊን (በኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲያስቸግር መንስኤውን ለማግኘት ኤዲተሩ ራሱ ምን ያህል ያግዛል የሚለውን ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 0.5 ስሪት ወዲህ ቅንብሩን ሙሉ በሙሉ በሉዋ የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። በመሆኑም የቅንብር ፋይሉ የምርጫዎች ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኗል፤ አንድ መስመር ላይ ስህተት ከተፈጠረም ከዚያ በታች ያለው ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ፣ አቋራጭ ቁልፎቹና ፕለጊኖቹ በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ሁሉንም መበርበር አያስፈልግም፤ «መሴጅስ» የተባለው ትእዛዝ ከሚያሳየው የመጀመሪያ ስህተት መነሣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ኤዲተሩን ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) በ«ክሊን» አማራጭ ማስነሣት የተጠቃሚውን ቅንብርና ፕለጊን ወደ ጎን ትቶ ስለሚከፍተው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ችግሩ በዚህ ሁኔታ ከጠፋ ቀጣዩ ሥራ ፕለጊኖቹን ግማሽ በግማሽ እያጠፉ መፈተሽ ነው፤ 32 ፕለጊን የጫነ ሰው በ5 ዙር ጥፋተኛውን ይደርስበታል። ይህ የሚሠራው ግን ጥፋተኛው አንድ ሲሆን ነው፤ ለየብቻቸው ደኅና ሆነው አብረው ሲጫኑ የሚጋጩ ሁለት ፕለጊኖች ስሌቱን ያፋልሱታል።

ከሁሉ የበለጠ ያረካኝ «ቨርቦዝ» የተባለው ትእዛዝ ነው። በቅንብሬ ውስጥ የመስመር መነሻ ክፍተት 2 እንዲሆን አዝዤ ሳለ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ስከፍት 4 ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። «ቨርቦዝ ሴት ሺፍትዊድዝ» ብዬ በጥያቄ ምልክት ስጠይቀው፣ ዋጋው መጨረሻ የተቀየረው ከኤዲተሩ ጋር አብሮ በሚመጣው የፓይተን ፋይል ውስጥ መሆኑን ከነመስመር ቁጥሩ ነገረኝ። ያ ፋይል የሚነበበው የፋይሉ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ የእኔን ትእዛዝ ይሽረዋል ማለት ነው። መፍትሔውም የራስን ምርጫ «አፍተር» በሚባለው ማህደር ሥር፣ ለፓይተን በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ዋጋው በሉዋ የተሰጠ ከሆነ ግን መልሱ «ከሉዋ» ብሎ ሊያበቃ ስለሚችል፣ ዝርዝሩን ለማየት ኤዲተሩን ከ«ቪ1» አማራጭ ጋር እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል።

የአቋራጭ ቁልፍ መዘግየትም ቁልፉን ማን እንደያዘው በ«ቨርቦዝ» በመጠየቅ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 0.11 ስሪት በ«ጂ» እና «አር» የሚጀምሩ ባለ ሦስት ፊደል አቋራጮችን ጨምሯል። ሁለቱን ፊደላት ብቻ ለራሱ አቋራጭ ያደረገ ሰው፣ ኤዲተሩ ሦስተኛ ፊደል ይመጣ እንደሆነ ሲጠብቅ 1000 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆይበታል። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን ይጠረጥራል።

«ቼክኸልዝ» የተባለው የጤና ምርመራ ያን ያህል አላስደሰተኝም። የጎደለ ፕሮግራም ለመጠቆም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ፐርልና ሩቢ የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች ለማይጠቀም ሰው ስለ ፐርልና ሩቢ እያስጠነቀቀ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ቀይ ስህተቶቹን ብቻ አንብቦ ቢጫዎቹን ማለፍ ይሻላል።

ከ0.9 ስሪት ጀምሮ ኤዲተሩን በሌላ ስም፣ በተለየ የቅንብር ማህደር ማስነሣት ስለሚቻል፣ ማናቸውንም ማሻሻያ የምሞክረው መጀመሪያ በዚያ ነው። የፕለጊን አስተዳዳሪዬ የእያንዳንዱን ፕለጊን ትክክለኛ ስሪት የሚመዘግብበትን ፋይል ደግሞ ከቅንብሬ ጋር፣ የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው በጊት አስቀምጣለሁ፤ ዝማኔ ሲያበላሽ በአንድ ትእዛዝ ወደነበርኩበት እመለሳለሁ። ይህ ፋይል የማይመልሰው ኤዲተሩን ራሱን ነው። ስለዚህ ኒዮቪምን ሳዘምን የቀደመውን ስሪት ለጥቂት ሳምንታት ሳላጠፋ አቆየዋለሁ።